በፈቃዳቸው ያቋረጡ ተማሪዎችን ፍለጋ ወደ ሸቤ

ከጅማ ከተመለስኩ ወር አልፎኛል። መሥሪያ ቤት ውስጥ «ጉዞው እንዴት ነበር?» ያለኝ ሰው የለም፤ ሁሉም የጠየቁኝ ቡና ይዤ መምጣቴን ነው። ስለዚህ ማንም ሳይጠይቀኝ ላውራው።

የምሠራበት ዩኒቨርሲቲ የኦንላይን ትምህርት የጥራት መመዘኛ የሚያዘጋጅ ኮሚቴ አቋቁሞ ነበር። ትምህርቱ መምህርና ተማሪ በአንድ ሰዓት የማይገናኙበት ዓይነት ነው፤ መምህሩ ቪዲዮውን ቀድቶ ይጭናል፣ ተማሪው ሲመቸው ገብቶ ያያል። እኛ የኮሚቴው አባላት ግን ስለዚህ ትምህርት ለመነጋገር በሳምንት ሁለት ቀን፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ እንሰበሰብ ነበር። ያረፈደ ሰው ይወቀሳል።

አንቀጽ አሥራ አራትን የጻፍኩት እኔ ነኝ። «ተማሪው በሳምንት ቢያንስ ሦስት ቀን ወደ ሥርዓቱ ይገባል። ይህን ለሁለት ተከታታይ ሳምንት ያላደረገ ተማሪ ኮርሱን በፈቃዱ እንዳቋረጠ ይቆጠራል።» «በፈቃዱ» የምትለዋን ቃል ሳገኝ ደስ ብሎኝ እንደነበር አልክድም። ጨዋ ቃል ናት፤ ማንም ማንንም አላባረረም።

መመዘኛው በጅማ አካባቢ ተሞክሮ ዐርብ ሊጸድቅ ሆነ። የቀረው ነገር አንድ የኮሚቴ አባል ቦታው ድረስ ሄዶ ከተማሪዎች ጋር ተነጋግሮ «ትክክል ነው» ብሎ መፈረም ነበር። ሌሎቹ ሥራ ስለነበራቸው እኔ ተላክሁ።

ሰኞ

በማለዳው አውቶቡስ ከአዲስ አበባ ወጣሁ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ወልቂጤ ሳንደርስ ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ ደም ግፊታቸውና ስለ አማቻቸው ጠባይ ነግረውኝ ጨረሱ። ተራው የእኔ ሆነ።

«አንቺስ ልጄ፣ ምን ትሠሪያለሽ?»

«አስተምራለሁ። ኦንላይን፣ በኢንተርኔት ማለት ነው። ተማሪው ካለበት ቦታ ሳይነቃነቅ ይማራል።»

ጥቂት አሰቡና «ታዲያ ተማሪው የማይነቃነቅ ከሆነ አንቺ በአውቶቡስ የት ትሄጃለሽ?» አሉኝ።

ወልቂጤ ቁርስ በልተን፣ ጊቤ ቆላ ወርደን፣ ሹራቤን አውልቄ፣ ወዲያ ማዶ ወጥተን ሹራቤን መልሼ እስክለብስ ድረስ መልስ አልተገኘልኝም።

ጅማ መናኸሪያ የተቀበለኝ ማቴዎስ ይባላል። ጅማ ያለን ማዕከል ሁለት የኪራይ ክፍል፣ አንድ አስተባባሪና አንድ መኪና ነው፤ ማቴዎስ የመኪናዋ ሾፌር ነው። ዕድሜው ሠላሳ አምስት ቢሆን ነው። ልጅ ሳለ ወላጆቹ ቡና ለቀማ ፍለጋ ከከምባታ ሲመጡ አብሯቸው መጥቶ በዚያው የቀረ ሰው ነው። «እንኳን ደህና መጡ ዶክተር!» አለኝ። ዶክተር አይደለሁም። ሦስት ጊዜ ነገርኩት፤ በአራተኛው ተውኩት።

ቦሳ አዲስ የሚባል ሰፈር ውስጥ ያለ ሆቴል በኢንተርኔት ክፍል ይዤ ነበር፤ ማረጋገጫውም ስልኬ ላይ አለ። እንግዳ ተቀባይዋ ስልኬን ተቀብላ በጥንቃቄ አነበበችው።

«ትክክል ነው፣ ይዘዋል» አለች።

«እሺ፣ ቁልፉን።»

«የያዙት ኦንላይን ነው እኮ። እዚህ ግን ሰርገኞች ገብተውበታል።»

ማቴዎስ ሻንጣዬን ተመልሶ መኪናው ላይ ጫነ። «ጌታ ያውቃል፣ ለዚሁ ነው» ብሎ መንደራ ቆጪ ሰፈር ወዳለው ቤቱ ወሰደኝ። አማከረኝ ማለት አይቻልም። ባለቤቱ አስቴር ከጎረቤት ፍራሽ አስመጣች፤ ልጆቹን ወደ አያታቸው ልካ ክፍላቸውን ለቀቀችልኝ። እኔ አዲስ አበባ የምኖርበት ኮንዶሚኒየም ውስጥ ለእንግዳ ክፍል መልቀቅ ቀርቶ፣ በር ሲንኳኳ መጀመሪያ ድምፅ ማጥፋት ነው የሚቀናን። ራት ቆጮና ጎመን ነበር፤ ዳጣውም እንባ ያመጣል። ከመብላታችን በፊት ማቴዎስ ጸለየ። ስለ መንገዱ፣ ስለ ምግቡ፣ ስለ እኔ፣ ስለ ዩኒቨርሲቲው፣ ስለ ዩኒቨርሲቲው ሰርቨር ሳይቀር ጸለየ። ጎመኑ ቀዘቀዘ፤ ሰርቨሩን ግን ከዚያ በፊት ማንም አስቦለት አያውቅም።

ማክሰኞ

አስተባባሪው የተማሪዎቹን ዝርዝር ሰጠኝ። ስም የለበትም፤ ቁጥርና ስልክ ብቻ ነው። ለምን ብለው የመመዘኛው አንቀጽ ስድስት ነው አለኝ፤ የተማሪን የግል መረጃ ስለመጠበቅ። እርሱንም የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ከላይ ሦስት ተማሪዎች ነበሩ፤ ሰኞ፣ ረቡዕና ዐርብ አንድም ቀን ሳይጎድሉ የገቡ፣ ቪዲዮዎቹን እስከ መጨረሻው የከፈቱ። እነሱን ሳይ ደስ አለኝና ወደ መጀመሪያው ደወልኩ።

«አቤት፣ ፎቶ ኮፒ ቤት!» አለ አንድ ወንድ።

ተሳስቼ መስሎኝ ዘጋሁና ሁለተኛው ጋ ደወልኩ። «አቤት፣ ፎቶ ኮፒ ቤት!» ሦስተኛው ጋ ስደውል «አሁንም እኔው ነኝ፤ ምን ልታዘዝ እህቴ?» አለኝ።

ፎቶ ኮፒ ቤቱ እዚያው ቦሳ አዲስ ነው። ማቴዎስ እስከ በሩ አደረሰኝና «እኔ መኪናው ጋ ልጠብቅ» አለ። ባለቤቱ ሙክታር የጅማ ልጅ ነው፤ አባቱም አያቱም እዚያው ሱቅ ላይ ልብስ ሰፍተዋል። ማን እንደሆንኩ ስነግረው አልደነገጠም፤ ወንበር ጠርጎ አስቀመጠኝ።

«ወላሂ አላጭበረብርም» አለ። «ፈተና አልፈተንላቸውም፣ የቤት ሥራም አልሠራላቸውም። ሐራም ነው። እኔ የምሠራው መግባት ብቻ ነው። ሦስቱም ከከተማ የሚወጡ ሰዎች ናቸው፤ የሚውሉበት ቦታ ኔትወርክ የለም። የይለፍ ቃላቸውን ሰጡኝ፤ መልእክት እንዳያመልጣቸው ሦስቱን የሱቅ ቁጥሮቼን አስመዘገብኩላቸው። በተባለው ቀን እገባለሁ፣ ቪዲዮውን እከፍታለሁ፣ ድምፁን እዘጋለሁ፣ ሥራዬን እሠራለሁ። ትምህርቱን ደግሞ አትሜ እሰጣቸዋለሁ፤ እሱን ሲመቻቸው ያነባሉ።»

«ይህ እኮ መመዘኛውን መጣስ ነው።»

«ኤዬ፣ መመዘኛው መግባት ነው የሚለው። ገብተዋል።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ይህች የሦስት ቀን ሕግ ከመጣች ወዲህ አልሐምዱሊላህ፣ ሥራዬ ደህና ነው። ያወጣውን ሰው አላህ ይስጠው» አለ።

አሜን አልኩ። የሦስቱን ስም ስጠይቀው ግን በትሕትና እምቢ አለኝ። የሰው የግል መረጃ ነው አለ።

ወደ መኪናው ስመለስ ማቴዎስ ምንም አልጠየቀኝም። ከመናኸሪያ ጀምሮ አፉ ያላረፈ ሰው እስከ ቤት ድረስ ዝም ብሎ ነዳ። ደክሞት ነው ብዬ አለፍኩት።

ረቡዕ

ከዝርዝሩ ታች ያሉት አራት ተማሪዎች ባለፈው ሳምንት «በፈቃዳቸው ያቋረጡ» ናቸው። ስልካቸው አንድ ነው። ስደውል አይገባም፤ ማክሰኞ መልእክት ልኬ ማታውኑ መልስ መጣ፦ «ሰዓዳ እባላለሁ። ከሸቤ ወጣ ብሎ ነን። ረቡዕ ከሰዓት ቤት ነኝ፤ ይምጡ።»

በሰቃ አድርገን እስከ ሸቤ አስፋልት ነው። ኅዳር ስለነበር በየደጁ ቀይ እሸት ቡና የያዘ ቅርጫት ይታያል። መንገዱን ግራና ቀኝ ትልልቅ ዛፎች ያጠሉበታል፤ አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ያለ ጥላና ቅዝቃዜ የሚገኘው ከባንክ ሕንፃ ሥር ነው፤ እሱንም ጥበቃው «መቆም አይቻልም» ይላል። ከሸቤ ስንታጠፍ አስፋልቱ አለቀ፤ ያለ ወቅቱ የጣለው ዝናብም የቀረውን መንገድ አበላሽቶት ነበር። ብዙ ሳንሄድ መኪናዋ ጭቃ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች።

ቡና የሚለቅሙ ሰዎች ቅርጫታቸውን አስቀምጠው መጡ። አንድ ሽማግሌ ቅጠልና እንጨት ከጎማው ሥር እየጎሰጎሱ ሌላውን ያዝዛሉ። እኔም ልገፋ ብዬ ወርጄ አንድ ጫማዬን ጭቃው ዋጠው። መኪናዋ ስትወጣ ሽማግሌው ጫማዬን በእንጨት ፈልገው አወጡና በቅጠል ጠርገው ሰጡኝ።

«ማንን ብላችሁ ነው?» አሉ።

«ሰዓዳ የምትባል ተማሪ።»

«ሰዓዳ ተማሪ አይደለችም፤ አስተማሪ ናት። የልጄ ሚስት ናት።»

«የኛ ተማሪ ናት። ማለቴ… ነበረች።»

«ነበረች?» አሉና አተኩረው አዩኝ። ከዚያ «ኮታ፣ ኮታ፣ ኑ፣ ግቡ» ብለው ከፊታችን ሄዱ። አባ ፎጊ ይባላሉ።

ሰዓዳ ከጓሮ፣ ቡና ከተሰጣባቸው የማድረቂያ አልጋዎች ዘንድ ነበረች። ጠዋት እዚያው አካባቢ ባለ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታስተምራለች። ሁለት የሥራ ባልደረቦቿና የቡና ኅብረት ሥራ ማኅበሩ ሚዛን ተቆጣጣሪ አብረዋት ነበሩ፤ አራቱም የገጠር ልማት ተማሪዎቻችን ናቸው። በእጃቸው ቡናውን እያገላበጡ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ከተቀመጠ አንድ ስልክ ትምህርት ያዳምጣሉ። ሥራውን እንዳላስፈታቸው ብዬ «ቀጥሉ፣ እኔ እሰማለሁ» አልኩ።

ሰዓዳ የሚቀጥለውን ቪዲዮ ከፈተች። አንዲት ሴት በለስላሳ ድምፅ «ውድ ተማሪዎቻችን፣ በማንኛውም ጊዜ፣ በማንኛውም ቦታ ሆናችሁ…» አለች።

«ይቺን ዝለያት» አለ ሚዛን ተቆጣጣሪው። «ሁልጊዜ አምስት ደቂቃ ታስፈጃለች።»

ሰዓዳ ዘለለቻት። ድምፁ የእኔ ነበር። ማቴዎስ ወደ ቡናው አቀርቅሮ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁት።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን መመዘኛችን ውስጥ የሚመዝን አንቀጽ የለም። ሰዓዳ ጥቂት ታሰማለች፣ ታቆማለች፣ ባልገባቸው ቦታ በኦሮምኛ ታስረዳለች። ሚዛን ተቆጣጣሪው ይቃወማል። አንደኛዋ መምህርት ደብተሯን አውጥታ «ገጽ አሥራ ሁለት እንደዚህ አይልም» ትላለች። ይከራከራሉ፣ ይስቃሉ፣ ቡናው ይገለበጣል። እኔ የማስተምርበት አዳራሽ ውስጥ የመጨረሻው ክርክር የተነሣው ስለ ስልክ መሙያ ሶኬት ነበር።

ሰዓዳ በየአሥራ አምስት ቀኑ ጅማ እየሄደች ማዕከሉ ዋይፋይ ያለበት ክፍል ትቀመጣለች። በአራቱም ስም ተራ በተራ ገብታ ሁሉን ነገር ወደ ስልኳ ትጭናለች፣ በወረቀት የሠሩትንም መልስ ትልካለች። ሥርዓቱ የሚያያቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

«በቀደም ይህ መጣልን» ብላ ስልኳን ሰጠችኝ። «ኮርሱን በፈቃድዎ ስላቋረጡ በቀጣይ ሕይወትዎ መልካሙን እንመኛለን» ይላል።

«ቅሬታ አላቀረባችሁም?»

«ቅሬታ የሚቀርበው ገብቶ ፎርም በመሙላት ነው። መግባት ደግሞ ተዘግቶብናል።» ስልኳን መልሳ ተቀበለችኝና «ሁለት ዓመት ተምረናል። እርስዎ የመጡት ሊከፍቱልን ነው ወይስ ሊያረጋግጡ?» አለችኝ።

የመጣሁት ላረጋግጥ ነበር። አባ ፎጊ ማርና ትኩስ ቂጣ ይዘው ስለመጡ ከመመለስ ዳንኩ። ቂጣውን ቆርሰው ማሩ ውስጥ ነክረው አጎረሱኝ፤ «ብይ፣ የመጣሽበት ይደርሳል» አሉ።

ስንመለስ ሸቤን እንዳለፍን ማቴዎስ መኪናውን ዳር አቆመ። ሞተሩን አጠፋና መሪውን እያየ «ዶክተር፣ ከሦስቱ አንዱ እኔ ነኝ» አለ።

«ከየትኞቹ ሦስቱ?»

«ሙክታር ከሚገባላቸው።»

ከመቀመጫው ሥር የታተሙ ወረቀቶች አወጣ። ጠርዛቸው በእጅ ጽሑፍ ሞልቷል፤ አንዳንዱ ገጽ ላይ ዘይት የነካ የጣት አሻራ አለ። ሰው ሲጠብቅ ነው የሚያነበው። «መማሩን ተምሬዋለሁ። መግባቱን ግን ዋሽቻለሁ። ትላንት ቤቴ በልተው እንዴት እንደምነግርዎ ጨነቀኝ።»

የተናደድኩት በእርሱ ይሁን በራሴ አላወቅሁም። «ንዳ» አልኩት። ከእሱ ቤት ውጭ የማድርበት ቦታ አልነበረኝም። አስቴር ያን ምሽትም እንደ ሰኞው ጎመን ደራርባ አቀረበችልኝ፤ እሱ ሲጸልይ ዐይኔን መጨፈን አልቻልኩም።

ሐሙስ

ቀኑን ሙሉ ማዕከሉ ውስጥ ተቀምጬ ሪፖርት ጻፍኩ። ስለ አራቱ ጻፍኩ። ስለ ፎቶ ኮፒ ቤቱም ስም ሳልጠራ ጻፍኩ፤ ስለ አንቀጽ አሥራ አራት ደግሞ የጻፈው ሰው ተሳስቷል አልኩ። አሥር ሰዓት ላይ ልልክ ስል ኔትወርክ ጠፋ።

አሥራ አንድ ሰዓት የማስረከቢያው ማብቂያ ነበር። ላፕቶፔን ተሸክሜ ግቢው ውስጥ ዞርኩ፣ አጥር ሥር ቆምኩ፣ በመጨረሻም የጎረቤት ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ወጣሁ። አልሆነም። አሥራ ሁለት ሰዓት ግድም ስልኬ ላይ መልእክት ገባ፦ «ውድ የኮሚቴ አባል፣ በጊዜ ገደቡ አስተያየት ስላላስገቡ እንደተስማሙ ተቆጥሯል። ስለ ድጋፍዎ እናመሰግናለን።»

በፈቃዴ ተስማማሁ።

ዐርብ

ስብሰባው ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነበር። ኮሚቴው አዲስ አበባ፣ እኔ፣ አስተባባሪውና ሁለት የአካባቢው መምህራን ጅማ፤ መሃላችን አንድ ስክሪን። ማቴዎስ ውኃ አድሎ በሩ አጠገብ ቆመ።

ሰብሳቢያችን ጨዋ ሰው ናቸው። እንድናገር ፈቀዱልኝ፤ ስጨርስም አመሰገኑኝ። «እንግዲህ ስሜትሽ ይገባናል» አሉ። «ግን አንድ ቡና አልጋ አጠገብ ባየሽው ነገር ብቻ አገር የሚያገለግል መመዘኛ አንለውጥም። መረጃው እኮ እዚያው ጅማ በየሳምንቱ ሳያዛንፉ የሚገቡ ተማሪዎች እንዳሉ ያሳያል። እነሱ ከቻሉ ሌላው ለምን አይችልም?»

መልስ ነበረኝ። መልሱ ግን በሩ አጠገብ ቆሟል፤ ቤቱ አራት ቀን አድሬያለሁ። ወረቀቶቼን ማስተካከል ያዝኩ። እንደዚያን ሰዓት ራሴን የጠላሁበት ጊዜ የለም።

«ይቅርታ፣ አንድ ጊዜ» አለ ማቴዎስ። እጁን እንደ ተማሪ አውጥቷል።

«አንተ ማን ነህ?» አሉ ሰብሳቢው።

«ሾፌሩ ነኝ። ከሚገቡት አንዱ ደግሞ እኔ ነኝ። ባለፈው ወር አርአያ ተማሪ ብላችሁ የምስክር ወረቀት ልካችሁልኛል።» ጉሮሮውን ጠረገ። «ገብቼ አላውቅም። ሰው ነው የሚገባልኝ። እናንተ ባላችሁት ቀን እኔ ሊሙ ወይ አጋሮ መንገድ ላይ ነኝ። የሸቤዎቹ ግን አንዱንም አልዋሹም፤ እነሱ ተባረው እኔ ልሸለም ጌታም አይወደው።»

ስክሪኑ ላይ ማንም አልተነቃነቀም። ኔትወርኩ የቆመ መስሎኝ አስተባባሪውን ልጠራ ስል ሰብሳቢው ዐይናቸውን አሹ።

«ታዲያ ትምህርቱን አታውቀውም ማለት ነው?» አሉ።

«ይጠይቁኝ።»

ጠየቁት። መለሰ። ሌላ ጠየቁት፤ እሱንም መለሰና በመንገድ ያየውን ምሳሌ ጨመረበት። ሌሎቹም የኮሚቴ አባላት መጠየቅ ጀመሩ። ግማሽ ሰዓት ያህል መምህራንና አንድ ተማሪ በአንድ ሰዓት ተገናኝተው ተነጋገሩ ማለት ነው፤ በመመዘኛችን መሠረት ይህ የተከለከለ ባይሆንም የታሰበ አልነበረም።

ማጽደቁ ለሌላ ጊዜ ተላለፈ። የሸቤዎቹ አራት አካውንት በዚያው ዕለት ተከፈተ፤ ለሰዓዳ ስልክ ደውዬ ልነግራት ብል አልገባልኝም፣ ማቴዎስ በሸቤ መኪና ሾፌር በኩል የቃል መልእክት ላከላት። አንቀጽ አሥራ አራት ከብዙ ስብሰባ በኋላ ወጣ። ሥራን በወረቀት ጽፎ በማዕከሉ በኩል መላክም ተፈቀደ። ማቴዎስ ግን ምሕረት አላገኘም። የሁለት ኮርስ ውጤቱ ተሰረዘ፤ እንደገና ይወስዳቸዋል። ደብዳቤውን የፈረምኩት እኔ ነኝ።

ስብሰባው እንዳበቃ መናኸሪያ ሲሸኘኝ ይቅርታ ልጠይቀው ፈልጌ ሌላ ጥያቄ ጠየቅሁት።

«አስቴር ምን አለች?» አልኩት።

«እንቅልፍ ተኛ አለችኝ። ከዚህ ሁሉ ወር በኋላ ዛሬ እተኛለሁ።»

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ወደዚያ መንገድ ሲኖረው፣ ሰዓዳ ቤት እየሄደ ከአራቱ ጋር ይማራል አሉ።

ባለፈው ሳምንት የአምስቱ ሥራ በአንድ ፖስታ ደረሰኝ። ከጥያቄዎቼ አንዱ «ለአርሶ አደሩ የግብርና ምክር በስልክ መልእክት መላክ ያለውን ጥቅም ዘርዝሩ» ይላል። ጥቅም አልዘረዘሩም። መልእክቱ ማን ስልክ ላይ እንደሚገባ፣ ማን እንደሚያነበው፣ ከደረሰ በኋላም ለምን እንደማይታመን በሦስት ገጽ ከጻፉ በኋላ ከሥር በሰዓዳ እጅ ጽሑፍ አንድ ጥያቄ ጨምረዋል፦ «ጥቅም እንዳለው እርስዎ የሰሙት ከማን ነው?»

ለማስታወስ ሞከርኩ። አንድም አርሶ አደር ትዝ አላለኝም። ነጥባቸውን ሰጥቼ፣ ከጥያቄያቸው ጎን በቀይ እስክሪብቶ «አላውቅም። እናንተ ካላችሁበት ጠይቃችሁ ጻፉልኝ» ብዬ ፖስታውን ወደ ጅማ መለስኩት።